ሦስት ተከራይ ያለው ቤት

ተማሪዎቹ «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። በክፋት ያወጡለት ስም አይደለም። መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሮ ኖሮ ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፤ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦም ፍሬን ይረግጣል፣ ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሞም ይረግጣል። ተኝቶም ይረግጣልና ብርድ ልብሱ በእግርጌ በኩል ከተቀደደ ቆይቷል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን በርግዶ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ቤት ልንገዛ ነው!» ብሎ የጮኸው።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። የሰው ልጅ ስትቀበል አድራ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር፤ ብድግ አለች። እናቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው፣ ካልሲ እየጠቀሙ ነበርና መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው።

«ቤት?» አለች ሚስቱ። ሴትዮዋ ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ የኖረችው በሰው ቤት ነው። የሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት ፈቃድ ጠይቃ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ልብስ ለማስጣት ተራ ጠብቃ፣ አከራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃ ጭና። የእማማ ቁምሳጥን ብቻ እንኳ በየተከራዩት ቤት በር አልገባ እያለ እግሩ ተቆርጦ ተቆርጦ ዛሬ ሆዱ መሬት ነክቷል።

«ቤት! በስማችን!» አለ ጋሽ ፍሬን። «ግን አንገባበትም።»

ሚስቱ መልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ሰው አለበታ!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «ሦስት ተከራይ አለው! እኛ እዚሁ እንቆያለን፣ እነሱ እዚያ ይኖራሉ፣ የእነሱ ኪራይ የባንኩን ብድር ይከፍላል። እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ባለቤት እንሆናለን!»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ እማማ ጣታቸውን እየጠቡ።

ሐሳቡ የራሱ አይደለም፤ ከአንዲት ተማሪው የሰማው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ናት። መሪ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ስለ ገንዘብ ስታወራ ግን ምላሷ አይደናቀፍም። በዚያው ሳምንት አደባባይ እየዞሩ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ቤት ከገዙ አይቀር ሰው ያለበትን ነው» አለችው። «ማስታወቂያ አይለጥፉ፣ ተከራይ አያፈላልጉ። ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ ኪራዩ ይገባል። በሰው ገንዘብ ባለቤት ይሆናሉ እኮ!» ጋሽ ፍሬን ይህን ሲሰማ ልቡ ጮቤ ረገጠች። አደባባዩን ስንት ጊዜ እንደዞሩት አላወቀም። ሲነቃ ከቆሻሻ በርሜል ጋር ተላትመዋል፤ በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኑ ፍሬን መርገጥ የረሳው ያን ዕለት ብቻ ነው። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፣ እሱ ግን «ተይው በርሜሉን፤ ከዚያስ?» ይላት ነበር።

ከዚያማ ደላላ ነው። ደላላው ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ዕድለኛ ነዎት! ይህን ቤት ትናንት ቢመጡ አያገኙትም ነበር፣ ነገም ቢመጡ አያገኙትም» አለው። ትናንት ለምን እንደማያገኘው ለመጠየቅ ጋሽ ፍሬን ጊዜ አልነበረውም።

ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ረጅም ቤት ነው። ፊት ለፊት አንድ ሰፊ ክፍል፣ መካከል ላይ ሁለት የተያያዙ ክፍሎች፣ ከጓሮ አንድ። ዳር ዳሩን ጠባብ ኮሪደር ይወስዳል። ኮሪደሩ ሲያልቅ ወደ ጓሮው ክፍል የሚያወርድ ደረጃ አለ፤ ከደረጃዎቹ አንዷ ተሰብራለች። ከደረጃው በላይ ደግሞ ጥቁር አግዳሚ እንጨት፣ ልክ በሰው ግንባር ቁመት። ሻጩ ኮፍያ ያደረገ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያኖር፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። የሦስቱንም ተከራዮች ውል አሳየው፤ ሦስቱም ውሎች ፊርማ አላቸው።

ደላላው ጆሮው ሥር ጠጋ አለ። «ተከራዮቹን ምንም አይጠይቁ። ቤቱ ሊሸጥ ነው ሲባል ይደነግጣሉ። የደነገጠ ተከራይ ዕቃውን ይጭናል። እሱ ከሄደ ምን ገዙ?»

ጋሽ ፍሬን ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ገዥ ቢሆን ኖሮ «የምገዛውንማ እጠይቃለሁ» ይል ነበር። እሱ ግን የዕድሜ ልክ ተከራይ ነው፤ የማያውቁት ሰው ገብቶ ጣሪያና ግድግዳ ሲያይ ሆድ እንዴት እንደሚባባ ያውቀዋል። ስለዚህ ላለማስደንገጥ ብሎ ጥያቄውን ሁሉ ዋጠው፣ ጭራሽ በጫማው ጫፍ ይራመድ ጀመር።

ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣለች። ክፍሉ ጨለም ብሏል። «እስቲ መብራቱን አብሪላቸው» አላት ሻጩ። ተነሥታ ከበሩ በስተ ግራ ግድግዳውን ዳሰሰች፣ በስተ ቀኝ ዳሰሰች፣ በመጨረሻ ማብሪያውን ከመጋረጃው ኋላ አገኘችው። «ወይ እርጅና!» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጋሽ ፍሬን ነው።

መካከል ላይ ያሉት ባልና ሚስት ናቸው። «አራት ዓመት ኖርንበት፤ ሰላም ያለበት ቤት ነው» አለ ባልየው፣ ማንም ሳይጠይቀው። የጓሮውን መንገድ ላሳያችሁ ብሎም ከፊት ከፊት ቀደመና ግንባሩን ከአግዳሚው ጋር ድው አደረገው። «ውይ! ዛሬም?» አለች ሚስትየዋ። ጋሽ ፍሬን አዘነለት። ቤቱን ከገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ያን እንጨት ስፖንጅ ማልበስ እንደሆነ እዚያው ወሰነ። ገና ሳይገዛ ደግ አከራይ ሆኖ አረፈው!

የጓሮው ተከራይ በዕድሜ ገፋ ያለ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ይህን ሲሰማ ጋሽ ፍሬን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተውት፣ ሰው ተኝቷል፤ ክፍሉን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» አለ። ጋጋሪው ግን ኮቴ ሰምቶ ኖሮ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። የተሰበረችውን ደረጃ ተሻገራት፣ ከአግዳሚው ሥር ጎንበስ አለ፣ ክንዱን ሰዶ የኮሪደሩን መብራት አበራ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ ገና አልተገለጠም። «ደህና ዋላችሁ» አለ። ደላላው ጋሽ ፍሬንን ፈጥኖ ወደ በሩ ገፋው። ከሦስቱ ተከራዮች ጋሽ ፍሬን ያልወደደው ጋጋሪውን ብቻ ነበር፤ ኩርፍ ያለ ሰው መሰለው።

ከግቢው ሲወጣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ግድግዳው የእሱ ሊሆን ነው! መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም አለ፤ የማያውቀው ሰው ሳይቀር አቅፎ ሳመ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ በሩን በርግዶ የገባው።

እማማ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ቤት ገዝቶ ቤት የሚከራይ ሰው ዛሬ አየሁ። ዕድሜ ደጉ!» አሉ።

ሚስቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

ጋሽ ፍሬን አሰበ፣ አሰበ። «አላየሁም።»

«ቤት ልትገዛ ሄደህ መስኮት አላየህም?»

«መስኮቱ የተከራዮቹ ነዋ!»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ጣራውን አየች። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ስንት ሌሊት እንቅልፏን ያጣችበት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ተከራይ ከከፈለ ብድሩ ይከፈላል፤ ተከራይ ከጠፋ ግን ባንኩ ቤቱንም ገንዘቡንም ጠቅልሎ ይወስዳል፣ እነሱም በዚህ ዕድሜያቸው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ግን ደስታ ተላላፊ ነው። ሰውየው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የቤቱን ቅርፅ በክብሪት እንጨት ሲሠራላት፣ «ይህ ሲያልቅ ሁለተኛ፣ ሦስተኛው የራሳችን መኖሪያ!» ሲላት፣ እሷም አጠገቡ ተንበረከከች።

«እሺ» አለች። «የሦስተኛውን መስኮት ግን እኔ ነኝ የማየው።»

ቀጠሮ ተያዘ። ሊፈርሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጋሽ ፍሬን እንደ ልማዱ ሥራ ገባ፤ እንደ ልማዱ ሥራ ሠራ ማለት ግን አይደለም። ሲያዛጋ እንኳ ፈገግ እያለ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ መሪ ይዛለች። ዳገቱ ላይ ማርሽ ልትቀይር ስትል ዓይኗን ወደ ታች ጣለች፣ እጇ ማርሹን ፍለጋ ተንከራተተ። ጋሽ ፍሬን ለተማሪው ሁሉ የሚለውን አላት።

«መንገዱን እዪ! ማርሽ በዓይን የሚፈልግ ሰው መኪናው የሰው ነው። የራሱ የሆነበትማ እጁ ያውቀዋል።»

ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ ቀኝ እግሩ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ መንገድ መሃል ቀጥ አለች። ከኋላ የጥሩምባ መዓት ተንጫጫ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«ግድግዳውን ዳሰሰች» አለ ጋሽ ፍሬን።

«ማን?»

«ልብስ ሰፊዋ! የገዛ ቤቷን መብራት ግራ ዳሰሰች፣ ቀኝ ዳሰሰች! ያ ሰውዬስ? አራት ዓመት የኖረበት ቤት ግንባሩን እንዲያ ይመታዋል? እኔ ደግሞ ስፖንጅ ላለብስለት!» ግንባሩን ያዘ። «ንጂ! ቤቱ ጋ ንጂ!»

«የገበያው መንገድ ነው እኮ! ገበያ ውስጥ ነድቼ አላውቅም!»

«ዛሬ ታውቂያለሽ!»

ያን ዕለት ገበያ ውስጥ የነበረ ሰው ያችን መኪና አይረሳትም። ልጅቷ ትነዳለች፣ ትጮኻለች፤ ጋሽ ፍሬን «አይዞሽ! ፍሬቻ! መስታወት እዪ! ጋሪውን አሳልፊው!» ይላል። የእንቁላል ሻጮቹ ሣጥን ሣጥናቸውን ታቅፈው ግድግዳ ተጠጉ። ጋሽ ፍሬን ቀኝ እግሩን ወንበሩ ሥር ቀርቅሮት ነበር፤ አንድ ጊዜ ፍሬን ከረገጠ መኪናዋ እንደማትነሣ ፈርቷል። ከገበያው ሲወጡ ልጅቷ ማርሹን ሳታየው ሦስተኛ አስገባች። ሁለቱም ልብ አላሉትም።

የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ስፌት መኪናዋ የለችም፣ መጋረጃው እንኳ ተነሥቷል። መካከለኛዎቹ ክፍሎች ውስጥ ከባልና ሚስቱ የተረፈው አንድ ፍራሽ ነው፤ ከነላስቲኩ፣ ከሱቅ እንደመጣ። ልጅቷ ላስቲኩን በጣቷ ነካ አደረገች። ሰው ያለበትን ቤት ግዙ ያለችው እሷ ናትና ፊቷ አመድ መሰለ።

ጋሽ ፍሬን ጓሮ ወርዶ አንኳኳ። ጋጋሪው ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለው ጋሽ ፍሬን።

«የትኞቹ? እዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት» አለ ጋጋሪው። «ባለ ኮፍያው በየጊዜው ኪራይ ሲጨምር ሲጨምር ሰው አለቀበት። ገዥ ሲመጣ ዘመዶቹን ይጠራቸዋል፤ ስፌት መኪናዋም የምራቱ ናት።»

«እርስዎስ እንዴት ቀሩ?»

«ሊጨምርብኝ ሲመጣ ተኝቼ ነዋ! ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ ሲሰለቸው ይሄዳል።»

«ታዲያ ያን ቀን ዝም ይሉኛል? አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ጋጋሪው ፎጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማን ጠየቀኝ?» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ግን እንዳፈረ ሰው ወደ ደረጃው አየ። «እውነቱን ልንገርህ። አንተ 'ሰው ተኝቷል' ስትል በሩ ሥር ሰማሁህ። እስከ ዛሬ ቤቱን ሊያይ ከመጣው ሁሉ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ብነግርህ ትሄዳለህ፤ ቀጥሎ የሚገዛው ደግሞ አስወጥቶ ይጥለኛል። አንተ እንድትገዛው ፈለግሁ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ።»

ጋሽ ፍሬን የተሰበረችው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ክብሪት እንጨቱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቤት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናደ። ይህን ሳያውቅ ነገ ቢፈርም ኖሮ ምን ሊውጠው እንደነበር አሰበ። ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋ ደወለ። «ተከራይ የለም» አላት። «ሁሉም ውሸት ነው። ያለው አንድ ጋጋሪ ብቻ ነው።»

«የት ነህ?» አለች።

ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ከሥራዋ መጣች፣ እማማን አስከትላ። ልትቆጣው፣ ልታጽናናው ወይም ልታለቅስ ነው ብሎ ጠበቀ። አንዱንም አላደረገች። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነው። ከዚያ ገባች። መካከለኛው ክፍል ውስጥ የደረቀውን የመስኮት መዝጊያ በክርኗ ገፋችው። ተንጣጥቶ ተከፈተ፣ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋች። ከመስኮቱ ውጭ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። አንድም ልብስ አልተሰጣበትም።

«ይህ ገመድ የማን ነው?» አለች።

«የማንም» አለ ጋጋሪው።

«ተራ የለውም?»

«ከማን ጋር?»

ሚስቱ በመስኮቱ ክንዷን ሰዳ ገመዱን ያዘችው። ጋሽ ፍሬን ከተቀመጠባት ደረጃ ሆኖ በክፍሉ በር በኩል ፊቷን አየ፤ ምን እንደታያት ግን ገና አልገባውም።

«ተከራይ የለውም ነው ያልከኝ?» አለች ዞር ብላ።

«የለውም አልኩሽ እኮ!»

«አለው። እኔ አውቃቸዋለሁ። ሲኖሩ ሲኖሩ አንድ ወር ኪራይ አሳልፈው አያውቁም። ሲጨመርባቸው አይሳደቡም፣ ሚስማር እንኳ ሳያስፈቅዱ አይመቱም። ባልና ሚስት ናቸው፣ አንዲት እናት አለቻቸው፣ እግር የሌለው ቁምሳጥን አላቸው። አንተ አታውቃቸውም?»

ጋሽ ፍሬን አፉን ከፈተ። እማማ ቀደሙት። «እሰይ!» አሉና እልል አሉ። «እንዲህ ያለው ተከራይ በሻማ ተፈልጎም አይገኝ!»

«እኛ!» አለ ጋሽ ፍሬን። «እኛ ነን!» ብድግ ሲል ግንባሩን ከአግዳሚው ጋር ድው አደረገው፤ ምንም አልተሰማውም። ሚስቱን ከነጋወኗ አንሥቶ አዞራት። ለአከራያቸው የሚሰጡት ኪራይ ለገዛ ብድራቸው ይሆናል፣ የጋጋሪው ይጨመርበታል፣ የፊተኛው ክፍል ደግሞ ቀስ ብሎ እውነተኛ ሰው ያገኛል! ሒሳብ ሠራተኛዋ ጥግ ይዛ ጣቶቿን ታጥፍ ነበር። «ይሆናል!» አለች፣ አመድ የመሰለው ፊቷ ተመልሶ። «ግን የሞላ ቤት ዋጋ አይከፈልም። ባዶ ቤት ነው፣ የባዶ ቤት ዋጋ!»

በማግስቱ ውል የሚፈረምበት ቢሮ ባለ ኮፍያው ቀድሞ ተገኝቷል። ደላላው እስክሪብቶ አቀረበ። ጋሽ ፍሬን እስክሪብቶውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ በትሕትና። «ተከራዮቼን ሳልተዋወቅ ብፈርም ነውር ነው። ይጠሩልኝና ወደ ቤቱ አብረን እንሂድ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና መብራቱን ካበራች፣ ሰውየውም ግንባሩን ሳይመታ ጓሮ ከወረደ፣ የጠየቁኝን እከፍላለሁ።»

ባለ ኮፍያው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ደላላው በዚያች ቀን ምላሱ ላይ የሚቆላ ጤፍ አጣ።

«ዓይናችሁን በጨው ታጥባችሁ!» አሉ እማማ። «የሰው የዕድሜ ልክ ላብ!»

ሚስቱ ዋጋ ጠራች፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ካሰላችው ላይ አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር። ባለ ኮፍያው ሌላ ገዥ እንዳለው ተናገረ። «ይምጣ» አሉ እማማ፣ «እሱም ግንባሩን ይምታ።» ሰውየው ብዙ ተቁነጠነጠ፣ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ፣ በመጨረሻ ፈረመ። ጋሽ ፍሬን ሲፈርም ጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ገቡ። ሚስቱ በመጀመሪያው ቀን መዶሻ ይዛ ከክፍል ክፍል እየዞረች ሚስማር መታች፤ የሚሰቀል ሥዕል እንደሆነ የላትም። ማንንም ሳታስፈቅድ መታች። ገመዱ በልብስ ሞላ፤ ንጹሑንም ደግማ አጥባው ነው ይላሉ እማማ። ቁምሳጥኑ በበሩ ሰተት ብሎ ገባና ጋጋሪው ከዳቦ ቤቱ አሮጌ ጣውላ አምጥቶ እግር ሠራለት። ጋሽ ፍሬን ቤቱን ሊከራይ የሚመጣውን ሁሉ እሱ ራሱ ያስተናግዳል። «ጠይቁ!» ይላል። «ጋጋሪውን ቀስቅሳችሁ ጠይቁ!» ጋጋሪው ይህን አልወደደለትም።

ጋሽ ፍሬን ግን አንድ ነገር አልሆንለት አለ። ለጋጋሪው ሰላም ሊል ወደ ጓሮ በወረደ ቁጥር ግንባሩን ይመታል፤ ሲመሽ ሲገባም መብራቱን ግራ ይዳስሳል፣ ቀኝ ይዳስሳል። ግንባሩ ላይ አንዲት እብጠት ሳትጠፋ ሌላዋ ትበቅላለች። ስፖንጅ እናልብሰው ቢሉት እምቢ አለ። እማማ «የባለቤትነት ማኅተም ነው፤ ይምታበት» እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ ግን አትስቅም። አንዳንድ ጊዜ ሥራዋን አቁማ ከኋላው ታየዋለች።

አንድ ቀን ምሽት መንገድ ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር ተጣልቶ መጣ። ፍሬቻ ሳያበራ የታጠፈበትን ሰው እየተራገመ በሩን ከፍቶ ጨለማው ኮሪደር ውስጥ ገባ፣ እጁን ወደ ጎን ሰዶ መብራቱን አበራ፣ ደረጃውን ወረደ፣ የተሰበረችውን ተሻገረ፣ ከአግዳሚው ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ፣ ለጋጋሪው የገዛለትን ጋዜጣ በበሩ ሥር አስገባለት፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ ወጣ። አፉ ከስድቡ አላቋረጠም ነበር።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምን ሆንሽ?» አለ ደንግጦ። «ማን ሞተ?»

«ማንም» አለችው። «አለፍክ።»